ከጥገና ክፍል እስከ ሥራ አስኪያጅነት፦ ስለ ጨረታ ማንም ያልነገረኝ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማርኩ፤ ጅማ ውስጥ በሆስፒታል ጥገና ክፍል ሠራሁ፤ ከዚያ አንድ የሕክምና መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ቀጠረኝ። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ነኝ። ይህን መንገድ ብዙዎች ያውቁታል። የሚያንገበግበኝ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ በሆንኩበት ሰሞን የገጠመኝ ጨረታ ነው።

ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ለመግዛት ጨረታ አወጣ። መሣሪያው የአየሩን ናይትሮጅን ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ይዞ ያስቀርና 93 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ይሰጣል። ዚዮላይት እርጥበት አይወድም፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አይነፍግም። ስለዚህ በመወዳደሪያ ሐሳባችን ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ የቮልቴጅ ማረጋጊያ፣ መለዋወጫና ሥልጠና አካተትኩ። ዋጋችን ከፍ አለ። ኮሚቴው «የተጠየቀው ኮንሰንትሬተር ብቻ ነው» ብሎ ዝቅተኛውን ዋጋ መረጠ። ቅሬታ ጻፍኩ። የጨረታ ሰነዱን አንቀጽ ገልብጠው፣ ማኅተም አሳርፈው ላኩልኝ። ያነበበው ሰው መኖሩን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

ዕቃው ገባ፤ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፤ የሚወጣውን ኦክስጅን ግን የለካ አልነበረም። ክረምት ላይ የዚያ ሆስፒታል የጥገና ባለሙያ ደወለልኝ፦ «ወንድሜ፣ መለኪያህን ይዘህ ብቅ በል።» ሄድኩ። ማሽኑ ያጉረመርማል፤ የፍሰት መጠን ማሳያው በደቂቃ 5 ሊትር ላይ ቆሟል፤ በማርጠቢያው ጠርሙስ ውስጥ አረፋው ይንቦቀቦቃል። ያንን ያየች ነርስ ለምን ትጠራጠር? አረፋ ግን አየር መኖሩን እንጂ ኦክስጅን መኖሩን አይናገርም። መለኪያው ያሳየው የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ብሎ ካስቀመጠው 82 በመቶ በታች ነበር። ለግዥ ክፍሉ ስናመለክት «ርክክቡ ተጠናቋል» ተባልን። የታመመ ሰው አፍንጫ ላይ የተሰካውን ቱቦ ማን ይረከበው?

ኃላፊ መሆን የሚፈልግ መሐንዲስ ሁሉ «መጀመሪያ የማኔጅመንት ዲግሪ ያዝ» ይባላል። አልስማማም። የሕክምና መሣሪያ የጥራት አስተዳደር መስፈርት የሆነውን አይኤስኦ 13485ን ማወቅም ለመሣሪያ ምዝገባ ፋይል ይጠቅማል፤ ጨረታ ግን አያሸንፍም። ለዓመታት መሣሪያ ፍታ፣ ግጠም፤ ከዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋር ቡና እየጠጣህ ዕቃ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ እወቅ። ከዚያ የጨረታ ሰነድ ማንበብ ተማር፤ በተለይ ማብራሪያ የሚጠየቅበትን አንቀጽ። በሰነዱ የተቀመጠው የማብራሪያ መጠየቂያ ቀን ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ትጠይቃለህ፤ መልሱ ለተጫራቾች ሁሉ ይደርሳል። እኔ አሁን ሁልጊዜ የምጠይቀው፦ በርክክብ ወቅት የኦክስጅኑ መጠን በምን ይለካል? ማን ይፈርማል? መለዋወጫው በማን ወጪ ነው? መልስ ሲሰጡ ያልተጻፈው መስፈርት ይጻፋል፤ ርካሹም ዋጋ ርካሽነቱን ያጣል።

መልስ ካልመጣ አልወዳደርም። የድርጅቱ ባለቤት በዚህ እስከ አሁን ደስተኛ አይደሉም።