አማካዩ የዋጠው ችግኝ

በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን፣ ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፉ ጋር አብሮ ይተክላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ካከሰለ በኋላ መሬቱን እንደገና ለእህል ይመልሳል። ይህ አሠራር ገና ወዳልገባባት አንዲት ደጋ ቀበሌ ይዛመት እንደሆነ በኮምፒውተር አስመስለን ቀድመን እንድናሳውቅ ታዘዝን፤ ሞዴሉንም የሠራሁት እኔ ነበርሁ።

በሞዴሉ ውስጥ እያንዳንዱ አባወራ ማሳውና ጎረቤቶቹ ተመዝግበውለት ራሱ ይወስናል። አሜሪካዊው የገበያ ጥናት ምሁር ፍራንክ ባስ አዲስ ነገር በሰው ዘንድ እንዴት እንደሚዛመት ለማስላት በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው ቀመር፣ ጥቂቱ በራሱ ይጀምራል፤ የቀረው ሌላውን አይቶ ይከተላል። ማን እንደሚጀምር በዕጣ ስለሚወሰን መቶ ጊዜ አስኬድሁትና የመቶውን አማካይ በአንድ መስመር ሣልሁ። መስመሩ ዝርግ ነበር። «በቅርብ ዓመታት የሚታይ ምልክት የለም» ብዬ ጻፍሁ፤ አለቃዬም ፈረሙበት።

በሳምንቱ የኖራ ሥርጭት ለማየት ወደዚያችው ቀበሌ ወረድሁ። ከአንድ አዛውንት ጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ፣ አፈር በተሞላ ጥቁር ፕላስቲክ የበቀለ የዲከረንስ ችግኝ በመደብ ተደርድሮ፣ ከላዩ የሣር ዳስ ተጥሎለት አየሁ።

«አባት፣ ይህን አፍሉ ያለዎት ማን ነው?»

«ማን ይለኛል ልጄ! ዘንድሮ ሦስት ሰው ለመነኝ፤ ለከርሞ ይበዛል ብዬ ነው።»

የዚያን ዕለት ማታ መቶውን ውጤት አንድ በአንድ ከፈትሁ። በአብዛኞቹ ነገሩ ተጀምሮ ይከስማል፤ በጥቂቶቹ ግን የተካዮቹ ቁጥር ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ እያለ፣ መዋዠቁም እየሰፋ ይሄድና በድንገት ሽቅብ ይወጣል። ሽቅብ የወጡት፣ ዕጣው ጀማሪዎቹን ጎን ለጎን የጣለባቸው ናቸው። የምንፈልገው ምልክት ያ መዋዠቅ ነበር፤ እኔ ግን እንከን መስሎኝ በአማካይ አጣፋሁት። (የሒሳብ ስህተት ቢሆን ኖሮ እፍረቴ ይቀልል ነበር።)

በማግሥቱ ሪፖርቱን እንዲመልሱልኝ ለምኜ መቶውን መስመር ሳልደምር አሳየኋቸው። አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ የቀበሌዋ ዕጣ የትኛው ነው?» አሉኝ። ተመልሼ ሽማግሌውን ችግኝ ስለ ለመኗቸው ሦስት ሰዎች ጠየቅኋቸው። ሦስቱም ማሳቸው በአንድ ድንበር የተያያዘ ነው።