ነጭ ድንጋይ፣ ጥቁር ድንጋይ፦ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቁራሽ መሬት ምን አለ?

አሲዳማ አፈር በድንጋይ ዱቄት ይሻሻል እንደሆነ በባቄላ ላይ ስለጀመርኩት ሙከራ ሳወራ «ውጤቱን አትደብቀን» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ባቄላው ተነቅሎ ተወቅቷል፣ ስለዚህ አሁን የሚወራ ነገር አለ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ያለሁት እንጅባራ ነው። አዊን የሚያውቅ ሰው ቀዩን አፈርና ዝናቡን ያውቃል። ዝናብ ሲበዛ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስዳል፣ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ በላይ የሚሆነው ይህ ችግር እንዳለበት ይነገራል። እኛ ጋ ብዙ ገበሬ ገብሱን ትቶ ወደ ዲከረንስ ዛፍ ከዞረባቸው ምክንያቶች አንዱም ይሄው ነው። ከሰል ያበላል፣ እውነት ነው። ግን አይበላም።

ቤቱ ሥር ያለው ጓሮዬ ደህና ነው። የምድጃ አመድ ሲደፋበት ነው የኖረው፤ አመድ ደግሞ ራሱ አሲድ ያበርዳል። ያስቸገረኝ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ቁራሽ ነው። አፈሩን ሳስመረምር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.8 ሆኖ ተገኘ። ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምርና ስሩን ይጎዳዋል። ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ፎስፈረስ ያለበትን ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ብትበትኑበት አብሮ የሚታሰረው ገንዘባችሁ ነው።

መሬቱን በአራት መደብ ከፈልኩት። አንዱን ምንም አላስነካሁትም። አንዱ ነጩን የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ አንዱ ጥቁሩን የባዛልት ዱቄት፣ አንዱ ሁለቱንም ወሰደ። ኮምፖስቱን ለሁሉም እኩል ሰጠኋቸው።

ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ጥቁሩን ዱቄት በጆንያ ሳስገባ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄ መሬት ድንጋይ አነሰው?» አሉኝ። ሳቅሁ እንጂ ጥያቄያቸው ከባድ ነው። የደጋችን ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ አለት የመጣ ባዛልት ነው፤ እኛ አካባቢ ከዚያም በጣም የቀረበ ጊዜ እሳተ ገሞራ አለ። ቀዩ አፈር ራሱ የባዛልት ልጅ ነው። ታዲያ ባዛልት መሬት የሚያዳብር ከሆነ ለምን ደኸየ? መልሱ ዝናቡ ነው። አፈሩ የድሮው ድንጋይ ተመጥጦ የቀረ ነው። አዲስ የተፈጨው ግን ካልሲየሙም፣ ማግኒዚየሙም፣ ትንሽ ፖታሲየምና ፎስፈረሱም ገና ውስጡ አለ። «እርስዎ ያዩት ድንጋይ ያልተፈጨ ነው አባባ» አልኳቸው። ብዙም አላመኑኝም።

ነጩ ዱቄት ከወደ ደጀን የመጣ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለእርሻ የሚሆነው ሳይቃጠል የተፈጨው ድንጋይ ነው። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ሌላ ነው፤ እጅ ያቃጥላል፣ ችግኝም ላይ ሲበዛ አይምርም። ጥቁሩን ያመጣሁት ከክሬሸር፣ ከድንጋይ መፍጫው ነው። «ዜሮ ዜሮ» ካላችሁ ይገባቸዋል፤ ብሎኬት ሠሪዎች የሚወስዱት ደቃቁ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጋችሁ ሎሚ ጭመቁበት። ነጩ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ ጆሮ ጠጋ ካደረጋችሁ ድምፁም ይሰማል። ካርቦኔቱ አሲዱን እየበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ ነው። አፈር ውስጥ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ጥቁሩ ሎሚውን ጠጥቶ ዝም ይላል። እሱም አሲድ ያበርዳል፣ ግን ማዕድኖቹ ሲሊኬት የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚሟሙ ስለሆኑ በዓመታት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚወስነው ልመቱ ነው። ዜሮ ዜሮውን በዱቄት ወንፊት ሳበጥረው አብዛኛው ከላይ ቀረ። ያ ለአትክልት ምኑም አይደለም፣ መንገድ ላይ ያለው ጭቃ ላይ ደፋሁት። ለኖራም ያው ነው፦ ከ0.25 ሚሊሜትር በታች የላመው ቶሎ ይሠራል፣ ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስትገዙ በጣታችሁ መሃል አሹት። አሸዋ አሸዋ ካለ ዋጋውን ተከራከሩ። ስታበጥሩ ደግሞ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የድንጋይ አቧራ ለሳንባ ጠላት ነው።

መጠኑን በተመለከተ ኖራውን በሄክታር 3 ቶን ሂሳብ ሠራሁት፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም ማለት ነው። ግንቦት ላይ አፈሩ ሲርስ በትኜ በደንብ ገለበጥኩት፤ ባቄላው እስኪዘራ ከወር በላይ አገኘ። ለጥቁሩ መነሻ ያደረግሁት በአሜሪካ ኢሊኖይ በቆሎና አኩሪ አተር ላይ የተሠራውን ጥናት ነው። እዚያ በየዓመቱ በሄክታር 50 ቶን ባዛልት በትነው ከአራት ዓመት በኋላ ምርቱ ከ12 እስከ 16 በመቶ ጨምሯል። ደስ ይላል። ግን 50 ቶን ማለት 500 ኩንታል ነው! በካሬ 5 ኪሎ። ለመደብ ይቻላል። ለአንድ ሄክታር ገበሬ ማን ያጓጉዝለታል?

ወደ ባቄላው ልምጣ። ያልተነካው መደብ ላይ ሁለት ሦስቱን ስነቅል ስሩ አጭር፣ ደንዳና፣ ጫፉ ቡናማ ነው። አሉሚኒየም የነካው ስር እንዲህ ነው የሚሆነው። የኖራው መደብ ላይ ስሩ ቀጭንና ረጅም፣ አፈሩን ጭብጥ አድርጎ ነው የወጣው። ናይትሮጂን የሚያስሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ እብጠቶች ተደርድረውበታል። አንዷን በጥፍሬ ሰነጠቅኋት፣ ውስጧ ሐምራዊ ወደ ሮዝ ነው። ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነች ግን የለችም በሉት። ቁመቱና የእሸቱ ብዛት ከሩቅ ይታይ ስለነበር መለካት እንኳ አላሻኝም።

የጥቁሩስ? ምንም ካልተነካው መደብ እምብዛም አልተለየም። ሁለቱንም የወሰደው ደግሞ ከኖራው ብቻ ጋር እኩል ነው። አልከፋኝም፣ በአንድ ክረምት ከባዛልት ሌላ ነገር መጠበቅ አይገባም። የሚያናድደኝ ግን የድንጋይ ዱቄት የናይትሮጂን ማዳበሪያውን ዩሪያን ይተካል የሚሉ ሰዎች ናቸው። ባዛልት ውስጥ ናይትሮጂን የለም። የሌለውን ከየት ያመጣል? ብራዚሎች የድንጋይ ዱቄትን በ2013 እ.ኤ.አ. በሕግ የግብርና ግብዓት አድርገውታል፤ ግን ዝቅተኛ የማዕድን መጠን፣ የአርሴኒክና የእርሳስ ጣሪያ ሁሉ አስቀምጠው ነው። እኛ ጋ ክሬሸሩ ምን እንደፈጨ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ሙሉ ማሳ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት በትንሹ ጀምሩ።

ድንች ያላችሁ ደግሞ ኖራ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ድንች አሲድ በመጠኑ ይችላል፣ ፒኤቹ ሲወጣ ደግሞ ልጡን የሚያሻክረው በሽታ ይብሳል። ግብጦም አሲዱ ግድ አይሰጠውም፣ ለእሱ ኖራ መግዛት ብክነት ነው። ኖራ ሲበዛ ደግሞ ዚንክና ብረት ለተክሉ ይጠፋሉ፣ ቅጠሉ ይገረጣል።

መጪው ክረምት አራቱም መደብ ላይ ገብስ ነው። ኖራ አልጨምርም፣ የሰጠሁት ለጥቂት ዓመት ይበቃል። ጥቁሩ መደብ ላይ ግን ሌላ ዙር ዱቄት እደግምበታለሁ፣ ከመዝራቴ በፊትም ፒኤቹን አስለካዋለሁ። ከጨንቻም ሆነ ከሐገረ ሰላም ያላችሁ፣ ኖራን በመላ ማሳ ሳይሆን በመስመር ብቻ ጨምራችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ መጠኑንና የዘራችሁትን ጻፉልኝ። አጓጉዤ የማመጣውን ጆንያ በግማሽ ቢቀንስልኝ ጀርባዬ ያመሰግናችኋል።