ተኝቼ 68፣ ቆሜ 122

መጀመሪያ ጉልበቴ የከዳኝ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነበር። ለሦስተኛ ክፍል ልጆች የሰባትን ብዜት እየጻፍኩላቸው ሳለ ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ልብ ይደልቅ ጀመር። ጽሑፉ ደበዘዘብኝ፣ እጄ ቀዘቀዘ፣ ጠመኔው ወደቀ። ወንበሩን ስቤ ስቀመጥ ደቂቃም ሳይቆይ ተወኝ። ልጆቹ ፀጥ ብለው ያዩኛል፣ እኔም እነሱን አያለሁ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ እስከዚያ ቀን ስለ ልቤ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ክረምት ትኩሳትና ሳል ሁለት ሳምንት አስተኝቶኝ ነበር። ከዚያ ተነሣሁ፣ ድካሙ ግን አብሮኝ ቀረ። እንቅልፍ የሚያጠፋው ዓይነት ድካም አይደለም። አሥር ሰዓት ተኝቼ ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ እህል ስፈጭ ያደርኩ ይመስለኛል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ዓይኔ ይጨልማል። ቅዳሴ ላይ ግማሹን ሳላደርስ የግድግዳ ጥግ እፈልጋለሁ።

ለሐኪም መንገሩ ራሱ ከባድ ነበር። «ልቤን ይመታኛል፣ ድካምም አለብኝ» ስል ሰሚው ሁሉ የልብ ድካም ብሎ ይረዳኛል። የልብ ድካም በእኛ ቋንቋ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ ልብ ደም የመግፋት አቅም ሲያጣ የሚባል ነው። እማዬ ይህን ሰምታ ለሦስት ቀን አልቅሳለች። የኔ ግን የደከመው ልቤ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

ምርመራው አልቀረብኝም። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) ተነሣሁ፣ ንጹሕ ነው ተባለ። የልብ አልትራሳውንድ ስነሣ ሐኪሟ «በልጅነትሽ ቶንሲል ይመላለስብሽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከዓመታት በኋላ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል፣ በአገራችንም ብዙ ወጣት በዚህ ይታመማል። የኔ በሮች ደህና ነበሩ። ሄሞግሎቢኔ 13.1፣ ደም ማነስ የለም። የእንቅርት ሆርሞኑም ልክ ነው። ለ24 ሰዓት ደረቴ ላይ ታስሮ የዋለው የልብ ምት መቅጃም «ፈጠን ይላል እንጂ ጤነኛ ምት ነው» አለ። አንድ ሐኪም ወረቀቶቹን ሰብስቦ እየሰጠኝ «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው። ትዳር ብትይዢ ይተውሽ ነበር» አለኝ። ከዚያ ክፍል እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ መቀመጤን ብቻ አስታውሳለሁ።

ጸበል ሄጃለሁ፣ የሥር ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ዓይነ ጥላ ነው ያሉኝንም ሰምቻለሁ። ጸበሉን አልተውኩም፤ ነፍሴን ያሳርፍልኝ ነበር። ግን ጸበሉ ጋ ተራ ለመጠበቅም ቆሜ ነው የምወድቀው።

ያቺን «ቆሜ» የምትለዋን ቃል ያነሣችልኝ ጎረቤታችን ናት። ነርስ ስለሆነች ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። አንድ ማታ ቡና ላይ ሁሉንም አጫወትኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «እስቲ ንገሪኝ፣ እነዚህን ምርመራዎች ሁሉ ያደረጉልሽ ቆመሽ ነው ተኝተሽ?» አለችኝ። ኢሲጂው በጀርባዬ ተኝቼ ነው። አልትራሳውንዱ በጎኔ ተኝቼ ነው። የደም ግፊቴን የለኩኝ ሁልጊዜ ተቀምጬ ነው። ሕመሜ የሚመጣው ስቆም ሆኖ ሳለ ቆሜ ያየኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ሲስተር የልብ ምት አቆጣጠር አስተማረችኝ። ሌባ ጣትንና መሐል ጣትን የእጅ አንጓ ላይ ከአውራ ጣት በኩል ማሳረፍ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው በእርሱ አለመቁጠር። ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣ፣ ቡና ሳልቀምስ፣ አምስት ደቂቃ ተኝቼ አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ትከሻዬን ግድግዳ አስደግፌ፣ ሳላወራ ሳልንቀሳቀስ አሥር ደቂቃ እቆማለሁ። ብወድቅ የሚይዘኝ ሰው እንዲኖር እማዬ አጠገቤ ትቀመጣለች። በየመሐሉ እየቆጠርኩ በልጆች ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ገጽ ዛሬም አለ፦ ተኝቼ 68፣ በአንደኛው ደቂቃ 104፣ በአምስተኛው 116፣ በአሥረኛው 122። እግሬን ሳይ ወይን ጠጅ መስሏል። ሲስተር ማታ ማታ እየመጣች ግፊቴን ተኝቼም ቆሜም ለካችኝ፤ 110 በ70 የነበረው 108 በ76 ሆነ። ግፊቴ አልወረደም ማለት ነው። እንዲህ እያልን 14 ቀን መዘገብን።

ደብተሩን ይዤ ሌላ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ገጹን ገልጦ ሲያይ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። «ማን አስለካሽ?» አለኝና እዚያው በራሱ ሰዓት አስቁሞ ደገመው። ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር የበለጠ ደም ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። በጤነኛ ሰው የደም ሥሮቹ ወዲያው ጠበብ ብለው ደሙን ወደ ላይ ይመልሱታል። ይህ ሥራ ሲጓደል ልብ ጉድለቱን በሩጫ ለመሙላት ይሞክራል። ግፊት ሳይወርድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት በ30 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ምልክቱም ለወራት ከቆየ፣ ሌላውም ምክንያት ከተጣራ ፖትስ (POTS፣ የእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል) ይባላል። ከ20 ዓመት በታች ላሉት መለኪያው 40 ነው። የአማርኛ ስም የለውም። ይህ ስም የወጣለት በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በአብዛኛው የሚይዘውም ወጣት ሴቶችን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከትኩሳት ሕመም በኋላ ይጀምራል። ለምን እኔን እንደያዘኝ ግን ያወቀ የለም፣ ሐኪሙም አወቅሁ አላለኝም።

ለእማዬ «ስቆም ደሙ ወደ እግሬ ይወርዳል፣ ልቤ ሊመልሰው ይሮጣል» አልኳት። «አሃ፣ ለዚህ ነዋ ስትቀመጪ የሚተውሽ» አለች። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን እፎይታ የትኛውም መድኃኒት አልሰጠኝም።

ሕክምናው ከጓዳ የጀመረ ነው። በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ጨውም ምግብ ውስጥ ካለው ጋር እስከ 10 ግራም፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ችግሩ እማዬ ደም ግፊት አለባት። ቤታችን ለዓመታት ሁሉም ወጥ ጨው አልባ ነበር። የኔን መድኃኒት ብትበላ ይጎዳታል። አሁን በአንድ ትሪ እንበላለን፤ በኔ በኩል ባለው እንጀራ ጫፍ ላይ ትንሽ የጨው ስኒ ትቀመጣለች፣ የእርሷ ወገን እንደ ጥንቱ ነው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለሚቸኩል ሰው ነው፦ ግፊታችሁን ሳትለኩ፣ ኩላሊታችሁ መታመሙን አለመታመሙን ሳታውቁ ጨው አትጨምሩ።

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ እጠጣለሁ። በሚብስብኝ ቀን ከመድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጬ እጎነጫለሁ። ሐኪሙ ሆድን የሚያጠብቅ ነገር ሲያዝልኝ እማዬ ከሣጥኗ የራሷን መቀነት አወጣች። እኛን ስትወልድ የታጠቀችው ነው። ከሱሪዬ በላይ አጥብቃ ስታስረኝ፣ ሰሌዳ ፊት የምቆምባት ጊዜ ወደ ሃያ ደቂቃ ረዘመች። ለጥቂት ወራት የልብን ምት የሚያቀዘቅዝ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒትም በትንሹ ወስጃለሁ፤ አስም ያለበት ሰው አይወስደውም።

ጾሙን የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ተማከርኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ መዋል ለኔ መውደቅ ነው። አባ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ ለታመመ ውሃው መድኃኒቱ ነው፤ ሥጋውንና ወተቱን ጹሚ፣ ውሃውን ጠጪ» አሉኝ። ቅዳሴ ላይም መቋሚያ ተደግፌ፣ እግሬን አጣምሬ፣ ባቴን እየጨመቅሁ እቆማለሁ። ካልቻልኩ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የእናቶች ዓይን ይከብደኝ ነበር። አሁን ቦታ የሚይዙልኝ እነሱው ናቸው።

በጣም የዘገየው ትምህርቴ ድካሙን የሚመለከት ነው። ደህና የሆንኩ ቀን የከረመውን ልብስ ሁሉ አጥባለሁ፣ ቤቱን አጸዳለሁ፤ በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ እወድቃለሁ። ይህ እንደሚደጋገም ያሳየኝ ያው ደብተር ነው። ስለዚህ ደህና ቀኔንም በልክ እሠራበታለሁ፤ ልብሱን ለአራት ቀን እከፍለዋለሁ፣ ሽንኩርት ተቀምጬ እከትፋለሁ። እንቅስቃሴውንም ተኝቼ ነው የጀመርኩት፦ አልጋ ላይ እግር ማንሣት፣ በቀን አምስት ደቂቃ። በሳምንት አንድ ደቂቃ ብቻ እጨምራለሁ፤ በቀጣዮቹ ቀናት የሚጥለኝ ከሆነ እቀንሳለሁ። ለውጡን ያየሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

እየሮጠ ወይም እየሠራ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው፣ በቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት ሰው ግን ደብተር ይዞ አይቆይ፤ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ትምህርት ቤቱ ተቀምጬ እንዳስተምር ለመፍቀድ አንድ ሴሚስተር ፈጅቶበታል። አሁን ከሰሌዳው ሥር ረጅም በርጩማ አለኝ፤ ጠዋት ጠዋት የፊት ወንበር ልጆች ተሻምተው ያቀርቡልኛል። ትናንት ጠዋት ተኝቼ 66፣ ቆሜ 94 ነበርኩ። የሰባትን ብዜት ዘንድሮም ጻፍኩላቸው፤ እስከ 49 ቆሜ፣ ከ56 ጀምሮ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ።