ክትሩ ይሠራ፣ ፓምፑስ?

ወንዝ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሰማዩ ነው። ዝናብ ቀረ፣ ዘመኑ ከፋ እንላለን። እውነት ዝናብ የቀረበት ጊዜ ሞልቷል፣ አልክድም። ግን ክረምቱ እንደ ወትሮው ዘንቦ በበጋ የሚደርቅ ወንዝም አለ። እሱን ሰማዩ ላይ ማላከክ አይቻልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ካባራ ከወራት በኋላ ወንዝ ውስጥ የምናየው ውሃ በአብዛኛው መሬት ውስጥ ሰርጎ ቆይቶ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ይህ ውሃ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ ወንዙን ይመግበዋል። ዝቅ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ወንዙ ራሱ ወደ መሬት መስረግ ይጀምራል። ስለዚህ «እኔ ወንዙን አልነካሁም፣ ከራሴ ጉድጓድ ነው የምስበው» የሚል ሰው ወንዙን እየነካው ነው፣ በጓሮ በኩል። የሚያበሳጨው ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ከወንዝ ራቅ ያለ ጉድጓድ ወንዙ ላይ የሚያደርሰው ጫና ብቅ እስኪል ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እዚህ ግን እያሳሳቁ የሚወስዱት ራሱን ውሃውን ነው።

እና ማህበረሰቡ ምን ያድርግ ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው። ክትር፣ እርከን፣ ኩሬ፣ ችግኝ። በዚህ ላይ ምንም ጠብ የለኝም፤ ይሠራል። ጎርፉ ሩጫው ሲቀንስ ለመስረግ ጊዜ ያገኛል፣ በቃ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው ቀበሌ መሬቷ ከመራቆቱ የተነሳ ነዋሪዎቿን ሌላ ቦታ ማስፈር ሁሉ ታስቦ ነበር። ሰዉ ግን ተዳፋቱን ከከብት ንክኪ ከለለ፣ እርከንና ክትር ሠራ፣ ቦረቦሩን አዳነ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፣ ምንጮች ተመለሱ፣ ጥልቀት በሌላቸው የእጅ ጉድጓዶች አትክልትና ፍራፍሬ ማልማት ተቻለ። በ2012 ቀበሌዋ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ግማሽ ነው፤ የሰረገውን ውሃ መሳብ መገደቡ። ክትር ሥራ ላይ ሰው ይወጣል። ድንጋይ ይሸከማል፣ ይዘፍናል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ባለሥልጣን መጥቶ ያጨበጭባል። «ማን ምን ያህል ይሳብ?» የሚለው ስብሰባ ላይ ግን ማንም ፎቶ አይነሳም። እዚያ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ስብሰባው ጭራሽ አይጠራም። ውጤቱም ይታወቃል፤ በክትሩ ብርታት የሰረገው ውሃ ወንዙ ጋ ሳይደርስ ፓምፕ ይወስደዋል። ጉድጓዱ ውሃ ያዘ ሲባል ሌላ ሰው ይቆፍራል፣ ያኛው ቆፈረ ሲባል ይኼኛው ያጠልቃል። ሁሉም አንድ ጋን ከብቦ በየራሱ ጣሳ እንደሚቀዳ ነው፤ ቀስ ብሎ የቀዳ ሞኝ ይባላል።

ሕንድ ራጃስታን ውስጥ ያለው የአርቫሪ ወንዝ ታሪክ ሲነገር የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው የሚነገረው። ራጄንድራ ሲንግ የሚባል ሰው በ1985 ወንዙ ወዳለበት ወደ አልዋር አካባቢ ሄደ፣ ከመንደርተኛው ጋር ሆኖ ጆሃድ የሚባሉትን የጥንት የአፈር ግድቦች እየጠገነና አዳዲስ እየሠራ ቆየ፣ በበጋ ይደርቅ የነበረው ወንዝ በ1990ዎቹ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ ጀመረ፣ እሱም በ2015 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማትን ተቀበለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ወንዙ ሲመለስ ዓሣውም ተመለሰ፤ መንግሥት የማጥመዱን ፈቃድ ለአንድ ኮንትራክተር ሰጠ። ሰዉ ተነሳ። እኛ ድንጋይ ተሸክመን ያመጣነውን ወንዝ ማን ነው ለማን የሚሰጠው? ከዚያ ጠብ በኋላ 70 ገደማ መንደሮች በ1990ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን የወንዝ ሸንጎ አቋቋሙ። ሸንጎው ከወንዙ በቀጥታ መሳብንና እንደ ሸንኮራ አገዳ ያለ ውሃ የሚጨርስ ሰብልን የሚገድብ ደንብ አወጣ። በሕግ ፊት አስገዳጅ ሥልጣን የለውም። ጉልበቱ ጎረቤት ጎረቤቱን ማፈሩ ላይ ነው። ለእኔ ከግድቡ ይልቅ የሚደንቀው ይሄ ሸንጎ ነው።

ሌላዋ የሕንድ መንደር ሂዋሬ ባዛር ደግሞ ጨከን ብላለች። ማሃራሽትራ ውስጥ ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ ናት። ክትሩንና እርከኑን ሠሩ፤ ከዚያ ለመስኖ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈርን ከለከሉ፣ ሸንኮራና ሙዝ መትከልንም እንዲሁ። በየዓመቱ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ያለውን ውሃ አስልተው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ለሰውና ለከብት መጠጥ ይነሳል፣ የተረፈው ነው ለእርሻ የሚከፋፈለው። ዝናቡ ያነሰ ዓመት የሚዘራውም ያንሳል። አለቀ። ዓመቱን ሙሉ ከመጨቃጨቅ አንድ ቀን መጨቃጨቅ ይሻላል ብለው ይመስለኛል።

ይሄ የድሀ መንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ኦጋላላ ከሚባለው ግዙፍ የከርሰ ምድር ውሃ የሚስቡ ገበሬዎች ሸሪዳን 6 በሚባል አካባቢ ራሳቸው ተስማምተው ከ2013 ጀምሮ ለ5 ዓመት አጠቃቀማቸውን በ20 በመቶ ለመቀነስ ወሰኑ፤ ግዛቱም ውሳኔያቸውን አስገዳጅ አደረገላቸው። ብልሃቱ ኮታው ላይ ነው። ለ5 ዓመት በድምሩ፣ ማሳው ላይ በሚፈስ ውሃ ጥልቀት ተለክቶ፣ 55 ኢንች (1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ) ተሰጣቸው፣ በየትኛው ዓመት ምን ያህሉን እንደሚጠቀም ገበሬው ራሱ ይወስናል። ከተባለው በላይ ቀነሱ። የተፈራው ኪሳራም አልመጣም፤ ምርቱ ትንሽ ቢቀንስም ወጪው አብሮ ቀነሰ። የውሃው መውረድ ግን ቀዘቀዘ እንጂ አልቆመም። ይህንን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን 20 በመቶ መቀነስ ብዙ በሚመስልበት ቦታ እንኳ ስንት እንደሚቀር ለማሳየት ነው።

በዚህ መሃል «ቴክኖሎጂ ይፈታዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጠብታ መስኖ ጥሩ ነው፤ ግን ገበሬው በቆጠበው ውሃ ተጨማሪ መሬት ካለማበት ለወንዙ የተረፈ ነገር የለም። ሶላር ፓምፕም እንደዚያው። ነዳጅ ውድ ሲሆን ሰው ሞተሩን ለማጥፋት ይቸኩላል፤ ፀሐይ ግን ደረሰኝ አትልክም። ገደብ በሌለበት ቦታ ሶላር ፓምፕ ማከፋፈል ጉድጓዱ ቶሎ እንዲደርቅ መርዳት ይሆናል።

ክትሩም ቢሆን ውሃ አይፈጥርም። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ብዙ ከተያዘ ታች ያለው ሰው ሊያጣ ይችላል፤ ስለዚህ የታችኞቹ የሌሉበት ስምምነት ግማሽ ስምምነት ነው።

ከየት ይጀመር ለሚል ሰው የእኔ መልስ አሰልቺ ነው። ከመለካት። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ምልክት ያለው ገመድ፣ ጥቂት የተመረጡ ጉድጓዶች፣ በየወሩ ተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት ፓምፕ ሳይነሳ። ቁጥሩ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ያኔ ክርክሩ «አንተ ነህ ያደረቅኸው» ከሚለው ወጥቶ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ስንት ሜትር ላይ ነበር ወደሚለው ይመጣል። ሰው ለማያየው ነገር አይገደብም፣ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ አይታይም።

አንድ ነገር ግን ከመንደር አቅም በላይ ነው። መንደሩ ተስማምቶ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ራሱን ገድቦ ሲያበቃ አጠገቡ አንድ ትልቅ እርሻ ወይም ፋብሪካ ፈቃዱን ከሌላ ቦታ ይዞ መጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ ቢቆፍርስ? ያኛው ሰውዬ ጎረቤቱን አያፍርም፣ ሸንጎውንም አያውቀውም። እዚያ ላይ ፈቃድ ሰጪው አካል የመንደሩን ደንብ እንደ ደንብ ቆጥሮ፣ ኮታውን ለሁሉም እኩል አድርጎ፣ ቆጣሪ ማስገባት አለበት። ካንሳሶቹን ያዋጣቸው ይሄ ነው፤ ስምምነቱን ያልወደደ ገበሬም አብሮ ተገድቧል።