የመስከረም እንግዶች በአዲስ አበባ መሃል

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከስድስት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ ወረድኩ። ዓላማዬ ወፍ ማየት ነበር። ዝናቡ ገና ጨርሶ አልለቀቀም፣ ማታ ማታ ያካፋል። ጠዋቱ ግን ጥርት ያለ ነው።

በዚህ ሰሞን የአውሮፓና የእስያ ወፎች ወደ እኛ ይመለሳሉ። እዚያ ብርዱ ሲገባ የሚበሉት ነፍሳት ይጠፋል። እዚህ ደግሞ ከክረምቱ የወጣው ሳር በነፍሳት ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል። እኛ አደይ ስንቀጥፍ እነሱ ከሰሃራና ከቀይ ባሕር ማዶ እየገቡ ነው።

መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባሁ፤ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ማለት ነው። ዛፎቹ ያረጁና የተንዠረገጉ ናቸው። ከቅጠሉ መሃል አንዲት አረንጓዴ ቢጫ ወፍ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ከዓይኗ በላይ ፈዘዝ ያለ መስመር አላት። ዊሎው ዋርብለር ናት። ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው። ከወገኖቿ መካከል ከሳይቤሪያ ተነስተው የሚመጡ አሉ። ይህን እያሰብኩ ሳያት አንገቴ እስኪደክም ቆሜ ቀረሁ።

አራት ኪሎን ቶሎ አለፍኩት። ጫጫታው ለወፍ አይመችም።

ብዙ የቆየሁት ወዳጅነት ፓርክ ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አልያዝኩም። ቤተ መንግሥት አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር ጥሩ አይደለም። ደግሞም አላስፈለገኝም። ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ወፎች ሳሩ ላይ ተበትነው ይሯሯጣሉ። አንዱ እግሬ አጠገብ ትንኝ ለቀመ። አትክልት የሚንከባከቡ አንዲት እናት ሳያቸው አዩኝ።

«ወፎቹን ነው ልጄ? ሳር ስናጭድ ከእግራችን ስር አይጠፉም» አሉኝ።

«ሁልጊዜ እዚህ ናቸው እማማ?»

«ኧረ የለም! ሐምሌና ነሐሴ አንድም አታገኝም። መስቀል ሲደርስ ነው የሚመጡት።»

ትክክል ናቸው። ሐምሌ ላይ እነዚህ ወፎች ሩቅ ሰሜን ጫጩት ሲያሳድጉ ነው የሚከርሙት።

ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር ሌላ ዘመዳቸውን አገኘሁ። ጀርባው ግራጫ፣ ጅራቱ ረዘም ያለ። ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ውሃው ጠርዝ ላይ ነፍሳት ያድናል። ከተማችን ወንዞቿን ማጽዳት ያለባት ለእኛ ብቻ ብላ እንዳልሆነ እዚያ ቆሜ በደንብ ታየኝ።

መስቀል አደባባይ ስደርስ ሰማዩን ቃኘሁ። ከላይ የሚዞሩት የከተማዋ ጭልፊቶች ብቻ ነበሩ። ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳ የሚመጡት ንስሮች በብዛት የሚታዩት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ንስር ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈው ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ነው። ባሕር ላይ ይህን አየር እንደ ልብ አያገኝም። ስለዚህ ብዙዎቹ ከየመን ወደ ጅቡቲ በጠባቡ ባብ ኤል መንደብ በኩል ይሻገራሉ።

መጋቢት ላይ ፓርኩን ደግሜ አየዋለሁ። ያኔ ቢጫዎቹ ለመመለስ ሲሰናዱ ቀለማቸው ይደምቃል፤ ከወንዶቹም ጭንቅላታቸው ጥቁር የሚሆን አሉ። እነዚያን ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ።