ጉልበቴ 90 ገባ

የመኪና ውድድር ላይ ተገልብጬ ግራ ጭኔ ከተሰበረ ወዲህ፣ ዛሬ ጉልበቴ 90 ዲግሪ ታጠፈ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያቺን ግልጽ የፕላስቲክ መለኪያ ጉልበቴ ጎን ላይ አሳረፋት። አንዱን ክንዷን ከጭኔ፣ ሌላውን ከባቴ ጋር አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ አነበበ። "ገባ!" አለ፤ ጎል ያየ ነው የሚመስለው። እኔ ላብ አጥምቆኝ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጫለሁ። የአዳማ የግንቦት ሙቀት ሳያንሰኝ።

90 ዲግሪ ምን ይሠራል ለሚል፣ ወንበር ላይ እንደ ሰው ያስቀምጣል። ባጃጅ ውስጥ እግርን ወደ ውጭ ሳያንጠለጥሉ ያስገባል። ፍሪሲዮን ለመርገጥም አይከብድም። የግቢያችን ሽንት ቤት ግን ቁጢጥ የሚሉበት ነው፤ ለእሱ ገና ብዙ ይቀረኛል። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት ከመኪና ውድድር ይልቅ የሚያሳስበኝ ሽንት ቤት ነው። ጠያቂዎቼ ይሄን ስነግራቸው ይስቃሉ። እየቀለድኩ አይደለም።

ስለ አደጋው እስካሁን ጽፌ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ "ጎማ ፈነዳ፣ ተገለበጥኩ፣ ተረፍኩ" ብዬ እዘጋዋለሁ። ደግሞም ከዚያ ብዙም የተለየ የማውቀው የለኝም። ከከተማ ወጣ ብሎ የተዘጋጀ ትንሽ የኮረኮንች ውድድር ነበር። የመነሻው ባንዲራ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። የፊት ለፊቱ መኪና አቧራ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ፒክአፕ ላይ ተንጋልዬ ሰማይ ሳይ ነው። መሀሉ የለም። ሐኪሙ፣ ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ አንጎል ያችን ሰዓት ሳይመዘግባት ሊቀር ይችላል ብሎኛል። የጎደለውን የሚሞሉልኝ ጓደኞቼ ናቸው። አንዱ ሁለቴ ተገለበጥክ ይላል፣ ሌላው አምስት ያደርሰዋል። ቢራ በተከፈተ ቁጥር አንድ ይጨመራል። በቴሌግራም የተላከልኝ ቪዲዮም አለ። ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። አቧራ ነው። ከአቧራው ውስጥ የመኪናዋ ሆድ ይታያል፣ እንደገና ይጠፋል። እኔ እዚያ ውስጥ ነኝ ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ያመንኩት መኪናዋን ሄጄ ሳያት ነው። በክራንች መራመድ እንደጀመርኩ "ወደ ጋራዡ ውሰዱኝ" አልኩ። ያቺ ዲኤክስ፣ አሮጌዋ ቶዮታችን፣ ጥግ ላይ ቆማለች፤ መስታወት የላት፣ በር የላት። ወንበሮቿን አውጥተን ውስጧን በብረት ቱቦ ያጠርናት ጊዜ ስንቱ ስቆብን ነበር። "ለዚች ለአሮጊት ይሄን ሁሉ ብረት!" ይሉናል። ጣሪያዋ ቱቦው ድረስ ወርዷል። ከቱቦው በታች ግን አልወረደም። የበየደው ልጅ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ምንም አልተናገረም። በአውራ ጣቱ የብየዳውን መስመር ከላይ ወደ ታች ዳሰሰው። ስንጥቅ የለውም። ከዚያ ሄልሜቴን አምጥቶ ጎኑ ላይ ያለውን ጭረት አሳየኝና፣ ጭረቱ ያረፈበትን ቦታ ቱቦው ላይ ፈለግን። ቀለሙ ተልጦ አገኘነው። በቱቦውና በወንበሩ መሀል የቀረችውን ክፍተት እጄን አስገብቼ ለካኋት። ጭንቅላቴ የተረፈው እዚያች ውስጥ ነው። ልጁን እጁን ሳምኩት፤ አፍሮ ሸሸ።

እዚያ ቆሜ የፎርሙላ ዋን ሹፌሩ ሮማን ግሮዣን ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2020 በባህሬን፣ ገና የመጀመሪያው ዙር ላይ፣ በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር እየበረረ የብረት መከለያውን ሰንጥቆ የገባው ሰውዬ። መኪናው ለሁለት ተከፈለ፣ እሳት ሆነ። እሳቱ ውስጥ 28 ሰከንድ ቆይቶ በራሱ ወጣ። ግራ እግሩ ተይዞበት ስለነበር ጫማውን እዚያው ትቶ ነው የወጣው። ብረቱ ጭንቅላቱን እንዳይቆርጠው ያደረገው ከሹፌሩ ጭንቅላት በላይ የሚታሰረው የታይታኒየም ቅስት ነው፤ ሃሎ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ግዴታ ሲሆን "ያስጠላል፣ ስፖርቱን ያበላሻል" ያለው ብዙ ነበር። ከተቃወሙት አንዱ ራሱ ግሮዣን ነው። ከሆስፒታል አልጋው ሆኖ ሐሳቡን መቀየሩን ተናገረ። በእኛም ጋራዥ አሁን በቱቦው የሚስቅ የለም።

የእኔ ቱቦ ግን እግሬን አላዳነም። የፊቱ ብረት ወደ ውስጥ ገብቶ ግራ ጭኔን ሰብሮታል። ደረቴ ላይ ቀበቶው የጣለው ምልክት መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ጠፋ። እግር ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

እዚህ ላይ የእማዬን ነገር መጻፍ አለብኝ። የዚያን ዕለት ማታ ዘመድ ተሰብስቦ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሸንጎ ሆነ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አጥንቱ ውስጥ ብረት ይግባ ይላሉ። እማዬ "የልጄን አጥንት አታስበሱብኝ፣ ወጌሻ ይየው" አለች። አጎቴ ደገፋት። እኔ በማስታገሻው ደንዝዤ ሁሉንም "እሺ" እላለሁ። አንዱ ሐኪም ተቀምጦ በትዕግሥት አስረዳት፦ ቀርከሃው ጠብቆ ሲታሰር ደም እንደማይዘዋወር፣ እግሩ ጠቁሮ የሚመጣ፣ ከዚያም የሚቆረጥ ስንት ሰው እንዳለ። እማዬ ሰማች፣ አላመነችም። ራጁን በፌስታል ይዛ ወደ ወጌሻው ሄደች።

ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው። አዳማ ውስጥ እጃቸው ያላረፈበት የኳስ ተጫዋች የለም ማለት ይቻላል። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት አሉ። "ወለምታ ቢሆን፣ የእጅ አንጓ ቢሆን እኔ አለሁልሽ። ይሄ የጭን አጥንት ነው። በእኔ እጅ አይደለም። ብረቱን ያስገቡለት፤ ሲድን ለማሸት እመጣለሁ።" እማዬ ሐኪሙን ሳይሆን ወጌሻውን አምና ፈረመች። ሰውዬው ቃላቸውን ጠብቀው አንድ እሑድ ቤት መጡ። ቡና ጠጡ፣ እግሬን አዩ፣ "ፊዚዮቴራፒስቱ በሚሰጥህ እንቅስቃሴ ቀጥል" ብለውኝ ሄዱ። ለማሸት እንኳ አልነኩኝም። ባለሙያ ማለት ለእኔ እንደሳቸው ነው።

ከዚያ በኋላ የቅልጥም ዘመን ሆነ። አጥንት በአጥንት ይጠገናል ተብሎ ጠዋት አጥሚት፣ ማታ የቅልጥም ሾርባ። ጠያቂው ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ ታሪክ ይጀመራል። ሁሉም አንድ ጀግና አለው። ከሁሉ በላይ የሰማሁት የፎርሙላ ዋኑን የኒኪ ላውዳን ነው። "እሱ ተቃጥሎ፣ ቄስ መጥቶ ጸልዮለት፣ በ6 ሳምንት ተመለሰ! አንተ ምን ሆነህ ነው?"

እውነት ነው፣ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1976 ጀርመን፣ ኑርበርግሪንግ ላይ ፌራሪው ነደደ። ከእሳቱ ጎትተው ያወጡት መኪናቸውን አቁመው የሮጡ ሌሎች ተወዳዳሪዎች ናቸው። ፊቱና ጆሮው ተቃጠለ፣ ሳንባው በመርዛም ጭስ ተጎዳ። መስከረም ላይ ጣሊያን፣ ሞንዛ ወጥቶ አራተኛ ሆነ። ፋሻው በደም ርሶ እንደነበር ጠያቂዎቼ አያነሱትም። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍል መዝለላቸው ነው። የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ጃፓን፣ ፉጂ ላይ ነበር። ዝናቡ ለጉድ ነው። ላውዳ ዋንጫውን ሊወስድ ጥቂት ነው የቀረው። የተቃጠለው የዐይን ቆቡ በቅጡ አይከደንለትም። ሁለት ዙር ሄዶ መኪናውን ወደ ጋራዥ አስገባና ወረደ። ቡድኑ የሞተር ብልሽት ነው እንበል ቢለው እንቢ አለ። ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ጄምስ ሀንት ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት ላውዳ መልሶ ሻምፒዮን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1984ም ደገመው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሞንዛ አይደለም፣ ፉጂ ነው። እንደዚያ ያለ ሰው "በቃኝ" ብሎ ሲወርድ ማን ፈሪ ይለዋል?

የእኔ ሰው ግን ሮበርት ኩቢትሳ ነው። ፖላንዳዊ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2011 ጣሊያን ውስጥ ትንሽ የራሊ ውድድር ላይ የመንገዱ ዳር ብረት መኪናውን ወግቶ ገባና ቀኝ እጁን ሊቆርጠው ደረሰ። ያኔ ፎርሙላ ዋን ውስጥ ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ወደዚያ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስምንት ዓመት! ያውም በቡድኑ ደካማ መኪና፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ። አንዳንዱ "ምነው በቀረበት" ብሎ አላግጦበታል። እሱ ግን አብዛኛውን ሥራ ለግራ እጁ አስተምሮት ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቢጫዋ ፌራሪ አሸነፈ። ይሄን ለጠያቂ ስነግር ቡናው ሳያልቅ ይሰለቻል። ስምንት ዓመት ለወሬ አይመችም። ለእኔ ግን አልጋ ላይ ሆኜ እንቅልፍ ሲነሳኝ የማስበው ስለ ስድስቱ ሳምንት ሳይሆን ስለ ስምንቱ ዓመት ነው። ያኔ ነው ትንሽ የሚቀለኝ።

አሁን አሁን ቅዳሜ ሶደሬ እየወሰዱኝ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ "ውኃ ውስጥ ብትራመድ ክብደትህን ይሸከምልሃል፣ ሙቀቱም ጡንቻውን ያላላልሃል" አለኝ። እስከ ደረቴ ገብቼ ክራንቹን ጠርዙ ላይ ትቼ እሄዳለሁ። ማነከስ የለም! ከውኃው ስወጣ እግሬ መልሶ ይከብደኛል፤ ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት ለሳምንቱ ትበቃኛለች። አንድ ቀን ዝንጀሮ መጥቶ ሙዛችንን ከነፌስታሉ ወሰደብን። ወንድሜ ሊያባርረው ሲሮጥ እኔም ሁለት እርምጃ ያለ ክራንች ሮጫለሁ ይላሉ። እኔ አላየሁም።

የማይታጠፈው ነገር ሌላ ነው። መኪና ላይ ተሳፋሪ መሆን አልቻልኩም። መንዳቱን አልሞከርኩትም፣ ምናልባት እሱ ይቀላል። ሌላ ሰው ሲነዳ ግን ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ባለፈው ከፖስታ ቤት ወደ ቤት የወሰደኝ ባለባጃጅ በመስታወቱ እያየኝ "ብራዘር፣ ወለሉን ልትበሳብኝ ነው?" አለኝ። ሳቅንና ወረድኩ። እጄ ግን ሒሳቡን ስከፍለው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሄን የሚለካ የፕላስቲክ መለኪያ የላቸውም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያነጋግርህ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አለ ብሎ ቁጥር ሰጥቶኛል። እደውላለሁ።

መደወሌ የግድም ነው፤ ምክንያቱም እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። ያን ዕለት ሆስፒታል በር ላይ ሆና "በእግሩ ቆሞ ካየሁት ሐምሌ 19 ይዤው መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ" ብላለች። እኔን ማን ጠየቀኝ! በመተሐራ አድርጎ፣ አዋሽን አልፎ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ ተራራው ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመዝማዛ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተሳፋሪ ሆኜ። "ሕዝብ ማመላለሻ አይሆንለትም" ብላ ጎረቤታችንን ጋሼን አናግራቸዋለች። ጋሼ ሲነዱ ጋሪ ይቀድማቸዋል ተብሎ ሰፈር ውስጥ ይቀለድባቸዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄ ቀልድ ደስ አለኝ። ጋቢና እንድቀመጥና እግሬን እንድዘረጋ ወንበሩን ወደ ኋላ እንገፋዋለን ብለዋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት እንነሳ ይላሉ። እማዬ በእሳቸው አነዳድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካልወጣን ንግሡ ያመልጠናል ባይ ናት። እስካሁን አልተስማሙም።