የእንግዶች ማደሪያው ባለቤት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። የሐምሌ ጉም ብቻውን ያመጣው አይመስለኝም፤ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈራችንን ሲሸፍነው እያየሁ አድጌአለሁና። ከሥራ ስመለስ እትዬ ዘ. በራቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ፤ ቡናው እስኪፈላም አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ያ በኮምፒውተር የምትማሪበት የክርስቲያን ኮሌጅ ሐኪም ቤት ማስተዳደርን ከሌላው ለይቶ ምን ያስተምርሻል? ወረፋው ያው ወረፋ፣ መድኃኒቱም ያው መድኃኒት አይደለም ወይ?» አሉኝ። መልሱ ሲጠፋኝ አይተው፣ «አብሽሪ፣ አስበሽበት ትነግሪኛለሽ» ብለው ወደ ጀበናቸው ዞሩ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የምታውቁኝ እንደምታውቁት ኮሌጁ ያለው አሜሪካ ነው፤ በእነርሱ ምሽት የሚጀመረው ክፍል በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይውላል። የትምህርቶቹ ዝርዝር በሌላ ኮሌጅ ከሚሰጠው ብዙም አይለይም፤ የጤና ፋይናንስ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የጤና ሕግ፣ የአገልግሎት ጥራት፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ሥርጭት ጥናት)፣ የሙያ ሥነ ምግባር። ልዩነቱ መምህሩ ክፍሉን በጸሎት መክፈታቸውና ከበጀት ሠንጠረዡ ጎን መጽሐፍ ቅዱስ መገለጡ ነው። እኔ ወደዚህ ትምህርት የገባሁት ግን መጽሐፍ ቅዱስ ለመማር ብዬ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ደሴ ደርሶ ሆስፒታሉ በተዘረፈ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ የተመለሱት ሐኪሞችና ነርሶች እውቀታቸው ያው እውቀት፣ እጃቸውም ያው እጅ እንደነበረ፣ ነገር ግን መሣሪያውና መድኃኒቱ ከሌለ፣ የሚያቀርበው፣ የሚመዘግበውና የሚጠግነው ሰው ከሌለ፣ የሠለጠነ እጅ ብቻውን ምን ያህል አቅም እንደሚያጣ ስላየሁ ነው የገባሁት። በነርስነቴ ያላየሁትን የሐኪም ቤቱን ግማሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለእትዬ ዘ. ልሰጠው የምችለው የመጀመሪያው መልስ እስጢፋኖስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ እንደምናነበው፣ በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ይናገሩ የነበሩት ወገኖች መበለቶቻቸው በዕለት ዕለቱ እደላ ስለተዘነጉባቸው አጉረመረሙ። ሐዋርያት ጉዳዩን በምክር ብቻ አላለፉትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው 7 ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው በሥራው ላይ ሾሟቸው። ከእነርሱም ስሙ ቀድሞ የተጠራው እስጢፋኖስ ነው። እኛ ሊቀ ዲያቆናትነቱንና ሰማዕትነቱን እንጂ የተሾመበትን ሥራ እምብዛም አናነሣም፤ ሥራው ግን እንጀራ ሳይደርሳት የምትቀር መበለት እንዳትኖር መቆጣጠር ነበረ። መምህራችን ደግሞ ከዚያ ቀደም ያላስተዋልኩትን ነገር አሳዩን፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። እደላውን እንዲመሩ የተመረጡት ቅሬታ ካቀረበው ወገን ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። በዘመናችን ሆስፒታል የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ የኅብረተሰቡ ተወካይ ለምን እንደሚቀመጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም፤ ወረፋው የሚያምመውን ሰው ወረፋውን ከሚያደራጁት መካከል ማስቀመጥ ነውና።

ይህን ለእትዬ ዘ. ብነግራቸው ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ። ሐሳቤ ግን እዚያ አልቆመም፤ ትናንት ሌሊት ወዳነበብነው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሄደ፤ እስካሁንም ከዚያ አልተመለሰም።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ያልሰማ የለም። በወንበዴዎች ተደብድቦ በመንገድ የወደቀውን ሰው አይቶ አዘነለት፣ ቁስሉን በዘይትና በወይን ጠጅ አጠበለት፣ በእንስሳው ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። በማግስቱ ሲሄድ ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ እንዲጠብቀው አደራ አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል ገባለት። ከማቴዎስ ወንጌል እንደምንረዳው አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ምንዳ ነበረ። ስለ ሳምራዊው የተሰበከውን ስብከት ሁሉ ሰምቼ ይሆናል፤ ስለ ማደሪያው ባለቤት ግን ሲሰበክ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳምራዊው ሲሄድ ግን ሥራው ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ። ቁስለኛው የት እንደሚተኛ፣ ሌሊቱን ማን እንደሚነሣለት፣ ሁለቱ ዲናር ለስንት ቀን እንደሚበቁ፣ ካለቁ በኋላ የሚወጣው ወጪ በምን መዝገብ እንደሚያዝ ማሰብ የነበረበት እርሱ ነው። ሌላ እንግዳ አልጋውን ቢፈልግ መልስ የሚሰጠውም እርሱ ነው። የሚያውቀው አንድ የመንገደኛ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱን አምኖ ከራሱ ማውጣት ነበረበት። እኔ የምማረው ሙያ የዚህ ሰው ሙያ ነው፤ ለዚህም ነው ወንጌሉ ስለ እርሱ አንዲት ቃል ሳይጨምር ማለፉ እንቅልፍ የነሣኝ።

በማግስቱ ሌላ ቁስለኛ ቢመጣስ? ያው መንገድ ነው፤ ወንበዴዎቹም አልተያዙም። ሁለተኛውን ሰው ያመጣው ሳምራዊ የለም እንበል፤ ራሱ እየተንፏቀቀ ደርሶ በሩን አንኳኳ እንበል። ባለቤቱ ምን ያድርግ?

አሜሪካኖች ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1986 ሕግ አውጥተውለታል። ኤምታላ የሚሉት ይህ ሕግ፣ ሜዲኬር ከተባለው የመንግሥት መድኅን ክፍያ የሚቀበልና የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ የመጣበትን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳያጣራ እንዲመረምር፣ ሁኔታው አስጊ ከሆነም እስኪረጋጋ ድረስ እንዲያክም ያስገድዳል። ሕጉ በሩን አስከፍቷል፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ግን አብሮ አልመደበም። ሁለቱን ዲናር ማን ያወጣል የሚለው እዚያም ለማደሪያው ባለቤት ተትቷል።

እኛ ዘንድ መልሱ የተፈለገው በሌላ በኩል ነው። እኔና እትዬ ዘ. የአንድ ቅሬ፣ ማለትም የአንድ እድር፣ አባላት ነን፤ በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ መሆኑ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሞት ወደ አንዱ ቤት ሲገባ ወጪውን ማን ይችላል ተብሎ አይመከርም፤ ሰው ሁሉ በደኅናው ቀን ያዋጣው አለና። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ይህንኑ ልማድ ከቀብር ወደ ሕመም ያሻገረ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት አንዱ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ወረዳ ማለት ነው። አጋጣሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም መበለቶች በእደላ እንዳይዘነጉ በተሾመው ሰው ስም ገዳም በተሰየመበት አገር ይህ ሥራ መጀመሩ ደስ ይለኛል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል የማይችል ደሃ መሆኑ በቀበሌው ለተረጋገጠለት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ሳምራዊው አንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ መንደር ሆነ ማለት ነው፤ ሁለቱም ዲናር ቁስለኛው ከመቁሰሉ በፊት ተከፈሉ።

ይህም ሆኖ ሁለተኛው ቁስለኛ አለ። ባለፈው ሰሞን አይቼዋለሁ። ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የመጣ፣ እዚህ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው፣ በትውልድ ቀዬውም ከደሃ መዝገብ ያልገባ ወጣት ነው። ድንገተኛ ሕክምናውን አገኘ፤ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግን ሒሳቡ ፊቱ ቆመ። ተረኛ የነበርነው አዋጥተን ከፈልንለት። እንዲህ ማድረግ በየሐኪም ቤቱ የተለመደ ነው፤ የሚያስመሰግን ደግነት መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን ሌላ ተረኛ ቢሆንስ ኖሮ? ልጁ ፊቱ የማያሳዝን፣ አንደበቱም ሻካራ ቢሆንስ ኖሮ? ምሕረት በተረኛው ልብ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የሚዘነጋ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ የኢየሩሳሌም መበለቶች የተዘነጉትም ሰዎቹ ሁሉ ክፉዎች ስለነበሩ አይመስለኝም።

«እንግዲያው ሒሳቡን ማሪላቸው» የሚለኝ ይኖራል። ሐኪም ቤቱ ከታካሚ የሚሰበስበውን ገቢ መልሶ ለመድኃኒትና ለቁሳቁስ መግዣ እንደሚያውለው ስማር ይህ መልስ ከበደኝ። ዛሬ የምምረው ሒሳብ ከአንድ ቦታ ይጎድላል፤ የሚጎድልበትም ሰው ሳምንት ወይም ወር ቆይቶ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚመጣ፣ እኔ ፊቱን የማላየው፣ እርሱም ለምን «አልቋል» እንደተባለ የማያውቅ ሰው ነው። በፊቴ ላለው መራራት ቀላል ነው። ገና ላልመጣው መራራት ግን በጀት የሚባለው ነገር ነው፤ ለእኔ ከጸሎቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጡ ትክክል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሳምንት የተሰጠን የቤት ሥራ የአንድ መካከለኛ ሆስፒታል የዓመት በጀት ማዘጋጀት ነው። መዋጮ ላልከፈለ፣ ከደሃ መዝገብም ላልገባ፣ የሚያመጣው ሰው ለሌለው ታካሚ የሚሆን አንድ ረድፍ ጨምሬአለሁ። አኃዙን ግን እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም። ከመድኃኒት ብቀንስ የማላየው ሰው አለ፤ ከጽዳት ብቀንስ ኢንፌክሽኑ ሁሉንም ይነካል፤ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ብቀንስ ሌሊቱን የሚነሣለት ነርስ ይጠፋል። ከየትኛውስ ይቀነስ የሚለውን መወሰን ያለበት ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ቦርዱ ነው፣ ወይስ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ወረፋ የያዘው ሰው?